ሶዲየም ለጋስ ነው ስንል



ባለፈው እትም ላይ በክረምቱ የበጎ ፈቃድ ማጠናከሪያ ትምህርት የተሳተፍን ተማሪዎች ያየነውን እንድንጽፍ ተጠይቀን ነበር። እኛ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን አምስት ልጆች ነን፤ ቃል ስለገባን ይኸው ጻፍን። ሌሎቹ ቡድኖች ያስተማሩትን ተማሪና ያከፋፈሉትን ደብተር ቆጥረው አቅርበዋል። የእኛ ግን ከሪፖርት ይልቅ ጥፋትን ማመን ይመስላል። አፉ በሉን።

የሄድነው በ2014 ዓ.ም. ክረምት ወደ ነፋስ መውጫ አካባቢ ነው። የላይ ጋይንትን ብርድ ለማያውቅ ሰው የከተማዋ ስም ራሱ በቂ ማስረጃ ነው። ሐምሌ ላይ ከዙህር በኋላ ጉሙ ከጉና በኩል ይወርድና በተሰበረው መስኮት ገብቶ ከተማሪው ጋር ይቀመጣል። ከዓመት በፊት፣ በነሐሴ 2013፣ ጦርነቱ እዚያው ድረስ ዘልቆ ስለነበር ብዙ ልጆች ከትምህርት ርቀው ከርመዋል። ያስተማርንበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል አለው። በሩ ላይ ጽሑፉ አለ፤ ውስጡ ግን ሁለት የተሰነጠቁ ብልቃጦችና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ብቻ ነበር። ጆንያው ላይ አንድ ደግ መምህር በቀለም የጻፈው ፔሪዮዲክ ቴብል አለ። የቀኝ ጎኑ ግን ተቀዶ ሄዷል። ማን ለምን እንደቀደደው የሚያውቅ አላገኘንም፤ ምናልባት የአንድ ሰው ጣሪያ ሲያፈስ አስፈልጎት ይሆናል።

ከአምስታችን ኬሚስትሪ የሚያጠና የለም። አንዷ ፋርማሲ፣ ሁለቱ ሲቪል ምህንድስና፣ ሁለቱ ደግሞ አካውንቲንግ ናቸው። ኬሚስትሪ ማን ያስተምር ሲባል ሁላችንም «ቀላል ነው» አልን፤ በማትሪክ ጥሩ ያመጣንበት ትምህርት ስለነበር። አሁን ስናስበው ችግሩ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ያስተማርነው እንደተማርነው ነው። አቶም ማለት መሐሉ ላይ ፕሮቶንና ኒውትሮን፣ ዙሪያውን ኤሌክትሮን። ሶዲየም 11 ፕሮቶንና 11 ኤሌክትሮን አለው፤ ኤሌክትሮኖቹ 2፣ 8፣ 1 ሆነው ይደረደራሉ። ክሎሪን 17 አለው፤ 2፣ 8፣ 7። ሶዲየም የመጨረሻዋን አንዷን ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል፣ ሁለቱም ስምንት ይሞላላቸዋል፣ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጌቲቭ አዮን ሆነው ይሳሳባሉ፣ ጨው ይሆናል። አዮኒክ ቦንድ ይኸው ነው። ልጆቹ እንዳይሰለቹ ደግሞ ምሳሌ ጨመርንበት። ሶዲየም ለጋስ ነው፤ ያለችውን አንዷን ኤሌክትሮን ሰደቃ ይሰጣል። ክሎሪን አንድ የጎደለበት ሚስኪን ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ክርስቲያን ስለሆኑ «ምጽዋት» እያልንም አስረዳን። ክፍሉ ሳቀ፣ ደብተር ላይ ጻፈ፣ እኛም ማስተማር እንዲህ ነው ብለን ወጣን።

በማግስቱ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጥ የአሥረኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። ከስማዳ ናት፤ ወገዳ አካባቢ ትምህርቷ ተቋርጦባት አጎቷ ዘንድ መጥታ ነው የምትማረው። «ቲቸር፣ ሶዲየም በፈቃዱ ነው የሚሰጠው ወይስ ይወስዱበታል?» አለች። በፈቃዱ ነው አልናት። «እንግዲያው ለምን ብቻውን ሲሆን አይጥላትም?» አለች። ስምንት እንዲሞላለት ስለሚፈልግ ነው አልን። «ስምንት እንደሚሻለው ማን ነገረው?»

ሳቅ ሆነ። እኛም አብረን ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ጊዜ ለመግዛት ነበር። አምስታችንም መልሱን አናውቀውም። ነገ እንመልስልሻለን ብለን ወጣን።

ያን ምሽት ከዒሻ በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ መጽሐፍ ከስልክ ላይ ከፍተን በሻማ ዙሪያ ተቀመጥን። መብራት ጠፍቶ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ስለ ለጋስነት የሚል ቃል የለም። ያለው ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡን ደግሞ ቀድመው የተረዱት የአካውንቲንጎቹ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብቻውን በጋዝ መልክ ካለ ሶዲየም ላይ አንዷን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ ለአንድ ሞል 496 ኪሎ ጁል ጉልበት ማውጣት ያስፈልጋል። ማለትም ሶዲየም አይሰጥም፤ ይነጠቃል። አስኳሉ ውስጥ ያሉት 11 ፕሮቶኖች ኤሌክትሮኗን ይዘዋታል፤ ከእነሱና ከእሷ መሐል ያሉት አሥር ኤሌክትሮኖች ስለሚከልሏት ብቻ ነው አያያዙ የላላው። ክሎሪን ያችን ኤሌክትሮን ሲቀበል 349 ኪሎ ጁል ይመልሳል። ወጪ 496፣ ገቢ 349። የአካውንቲንግ ወንድማችን በደብተሩ ጥግ ላይ ደመረና «147 ኪሳራ» አለ። ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው የሰጥቶ መቀበሉን ነገር ቢያደርጉት ኪሳራ ነው። ለዓመታት ፈተና ላይ ስንጽፈው የኖርነው፣ ሙሉ ነጥብም ያገኘንበት ታሪክ ለብቻው አያዋጣም ማለት ነው።

ታዲያ ጨው ለምን ኖረ? ኪሳራውን የሚሸፍነው አዮኖቹ ተሰብስበው ሲደረደሩ የሚወጣው ጉልበት ነው፤ 787 ኪሎ ጁል። በጨው ውስጥ አንድ ሶዲየም ከአንድ ክሎሪን ጋር ተቃቅፎ ለብቻው የሚኖርበት ጥንድ የለም። እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎራይድ ተከቧል፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከፊት፣ ከኋላ። እያንዳንዱ ክሎራይድም እንዲሁ በስድስት ሶዲየም ተከቧል። ሶፍ እንደመሥራት ነው ያለ ነበር ከመካከላችን። ምሳሌ እንደገና እንዳያሳስተን ፈርተን አስተወነው እንጂ ነገሩስ ይመስላል። 787 ላይ 147 ሲቀነስ 640 ትርፍ ይቀራል። ይህ ሁሉ ለአንድ ሞል ጨው ነው፤ አንድ ሞል ጨው 58.5 ግራም፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው።

«ስምንት እንደሚሻለው ማን ነገረው» ለሚለውም መልስ ተገኘ። ማንም አልነገረውም። ከሶዲየም ላይ ሁለተኛ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚጠይቀው 4,562 ኪሎ ጁል ነው፤ ከመጀመሪያው ዘጠኝ እጥፍ በላይ። ውስጠኛው ረድፍ ለአስኳሉ ቅርብ ስለሆነና ከለላው ስለሚያንስ በኃይል ተይዟል። ያን ያህል ወጪ የሚሸፍን ድርድር ስለሌለ ንጥቂያው አንድ ላይ ይቆማል። ስምንት የሚለው ቁጥር የወጪው ውጤት እንጂ የአቶሙ ምኞት አይደለም። በነገራችን ላይ ያን ቀን ሌላም ስህተት አስተምረን ነበር፤ «የጨው ሞለኪውል» ብለን ሰሌዳው ላይ ጽፈናል። ጥንድ ከሌለ ሞለኪውልም የለም።

በማግስቱ ገብተን «ትናንት ያስተማርናችሁን ሰርዙ» አልን። ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። አንድ ልጅ «የቱን? ሁሉንም?» ብሎ ጠየቀ፤ ደብተሩ ላይ ሶዲየምን ፂም ያለው ደግ ሽማግሌ አድርጎ ስሎት ነበር።

ከዚያ በኋላ ከመናገር ማሳየት ይሻላል አልን። ሐጂ እያልን የምንጠራቸው አንድ ባለ ሱቅ ለከብት የሚሸጡትን አሞሌ ሰጡን። አሞሌን የማያውቅ የጋይንት ልጅ የለም፤ አያቶቻችን ግን ከዚህም በላይ ያውቁታል፤ ለዘመናት ገንዘብም ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ በግመልና በበቅሎ ደጋ ወጥቶ እስከ ጎጃም ማዶ ይሻገር ነበር። በቤጌምድር ገበያዎች ይህን ንግድ ያንቀሳቅሱ ከነበሩት ብዙዎቹ እንደ ደሪጣ ካሉ መንደሮች የሚነሡ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ከአሞሌው ውስጥ አንዲት ጥርት ያለች ፍንካች መርጠን ሚስማር ጫፍ ላይ አድርገን ቀስ ብለን መታናት። እንደ ድንጋይ አልደቀቀችም፤ በልካ የተቆረጠች ይመስል ለጥ ባለ ገጽ ለሁለት ተከፈለች። ምክንያቱ ድርድሩ ነው። ምቱ አንዱን ረድፍ በአንድ እርምጃ ሲያንሸራትተው ሶዲየም ከሶዲየም፣ ክሎራይድ ከክሎራይድ ፊት ለፊት ይገናኛል፤ አንድ ዓይነት ሙል ያላቸው ይገፋፋሉ፤ በዚያው መስመር ይለያያል።

ቀጥሎ አራት የባትሪ ድንጋይ፣ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ የተነቀለች አንዲት አምፖል፣ ሽቦ፣ በሁለቱም ጫፍ የተቀረጹ ሁለት እርሳሶች። ደረቁ አሞሌ ላይ እርሳሶቹን ስናሳርፍ አምፖሏ ምንም አላለች። አዮኖቹ አሉ፤ ግን ቦታቸውን አይለቁም። ያንኑ ጨው በብርጭቆ ውኃ አሟሟተን እርሳሶቹን ስንነክር አምፖሏ በራች። ደብዛዛ ናት፤ በጉሙ ክፍል ውስጥ ግን ለእኛ ትልቅ ብርሃን ነበረች። ከአንደኛው እርሳስ አረፋ ወጣ፣ ትንሽ ቆይቶም በረኪና በረኪና የሚል ሽታ መጣ። ክሎሪን ነው። መስኮቱ የተሰበረ መሆኑ ያን ቀን ብቻ ጠቀመን። «መርዝ የሆነውን ክሎሪንና ውኃ ሲነካ የሚፈነዳውን ሶዲየም እንዴት ነው የምንበላው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረንም። የምንበላው ኤሌክትሮን የተነጠቀውን ሶዲየምና ኤሌክትሮን የያዘውን ክሎሪን ነው። መልሰን በጉልበት ስናለያያቸው ክሎሪኑ ወደ መርዝነቱ ይመለሳል።

የእስቴው ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያስቸግረንን ጠየቀ። ሶዲየም በኤስ ይጀምራል፤ ምልክቱ ለምን «ኤን ኤ» ሆነ? ፖታሺየምስ ለምን «ኬ»? እኛ ስንጠይቅ «ሸምድዱት» ተብለን ነው ያለፍነው። በእርግጥ «ኤን ኤ» ናትሪየም ከሚለው የላቲን ስም የመጣ ነው፤ ናትሪየምም በዐረብኛ ነጥሩን ከሚባለው የሐይቅ ዳር ጨው። «ኬ» ካሊየም ነው፤ ካሊየም ደግሞ አል-ቀሊ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የተወሰደ፣ የተቃጠለ ተክል አመድ ማለት ነው። አልካሊ የሚባለው የመጀመሪያው ምድብ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እንግሊዝኛው ፖታሺየምም ቢሆን በድስት ውስጥ ከሚነጠር አመድ የመጣ ስም ነው። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 ሁለቱን ንጥረ ነገሮች በኤሌክትሪክ ለይቶ እስኪያወጣቸው ድረስ ሰው የሚያውቀው አመዱንና ጨዉን ብቻ ነበር። ኬሚስትሪ የሚለው ቃል ራሱ በአል-ኪሚያ በኩል መምጣቱን ስንነግራቸው የሙስሊሞቹ ልጆች ፊት በራ። እኛም ደስ አለን፤ ዳሩ ግን ቃሉን ያወረሱን ሰዎች እሳትና ሚዛን ይዘው ይመዝኑ ነበር፣ እኛ ስማቸውን ይዘን እንመዘናለን ብለን ቀልደንበታል።

የተቀደደው ጆንያ ሳይታሰብ የክረምቱ ምርጥ ትምህርት ሆነ። የጠፋው ክሎሪን ያለበት ዓምድ ነበር። ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ሠንጠረዡን ሲያወጣ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ብቻ ነበሩ። ያልተገኙ አሉ ብሎ ባዶ ቦታ ተወ፣ ጠባያቸውንም አስቀድሞ ጻፈ። በ1875 ጋሊየም ሲገኝ ከጻፈው ጋር ተቀራረበ። እናንተም የተቀደደውን ሙሉ አልናቸው። ከክሎሪን ሥር ያለው በመጨረሻው ረድፍ ስንት ኤሌክትሮን ይኖረዋል? ሰባት። ስንት ይነጥቃል? አንድ። ከሶዲየም ጋር ስንት ለስንት ይሆናል? አንድ ለአንድ። ልጆቹ ስሙን ሳያውቁ ጠባዩን ጻፉ። ብሮሚን ነው አልናቸው፤ ከሱ ሥር ያለው፣ 53ኛው፣ አዮዲን።

አዮዲን የሚለውን ስም ሲሰሙ አንዲት ልጅ «የእንቅርቱ?» አለች።

ክፍሉ ዝም አለ። በእኛ አገር ይህ እንደሌላው ቃል አይደለም። ደጋ ነው፤ ዝናቡ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ወስዶታል። አፈሩ ላይ ከሌለ በጤፉም፣ በገብሱም፣ በወተቱም የለም። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ ሲያጣ እየለፋ ያብጣል። ለአንድ አዋቂ ሰው የሚያስፈልገው በቀን 150 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ በዓይን የማይታይ ቅንጣት። እናት በእርግዝና ጊዜ ሲጎድላት ግን የሚጎዳው የልጁ አንጎል ነው። እኛ «ሰነፍ» ብለን የምናልፈው ልጅ ከመወለዱ በፊት የተጎዳ ሊሆን ይችላል።

ያን ምሽት የፋርማሲዋ እህታችን ከእኛ ጋር ሦስት ዓመት ስትማር ያልነገረችንን ነገረችን። እናቷ እንቅርት አለባቸው። ማንም አያውቅም፤ ሂጃቡ ይሸፍነዋል። እናቷ ቤት ውስጥም ሻሻቸውን አንገታቸው ላይ ዞር አድርገው ነው የሚውሉት፤ ልጆቻቸው እንኳ አብዝተው አያዩትም። ጤና ጣቢያ ሄደው አያውቁም፤ «አያመኝም» ይላሉ። ቤታቸው ወጥ የሚሠራው በአሞሌ ነው፤ ከገበያ አንድ አሞሌ ይገዛል፣ ተፈልጦ ለከብቱም ለሰዉም ይሆናል። ይህን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች።

ጥፋታችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምናልባት በቁጭት ስለነበርን ይሆናል። በሚቀጥለው ቀን ለቁስል የሚሆን አዮዲን ከፋርማሲ ገዝተን ድንች ላይ ጠብ አደረግን። ድንቹ ጠቆረ፣ ሰማያዊ ሆነ። አዮዲን ስታርች ሲያገኝ እንዲህ ይሆናል አልን። ከዚያ ልጆቹን ከየቤታችሁ ጨው ይዛችሁ ኑ አልናቸው። አሞሌውም፣ ከሐጂ ሱቅ የተገዛው «አዮዲን ያለው» የሚል የታሸገ ጨውም መጣ። ድንች ላይ ነሰነስን፣ በውኃ አራስነው፣ ጠበቅን። አንዱም ቀለም አልቀየረም። እኛም በሙሉ ልብ «እሽጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ውሸት ነው፤ አዮዲን የለውም» አልን።

ልጅ የሰማውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ሐሙስ ወሬው ገበያ ደርሶ ነበር። ሐጂ የውሸት ጨው ይሸጣሉ ተባለ። ዓርብ ጠዋት ሐጂ ራሳቸው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ለትምህርታችሁ ብለው አሞሌ የሰጡን፣ የባትሪ ድንጋዩን በነጻ የሰጡን ሰው ናቸው። አልጮኹም። «ልጆቼ፣ እኔ ሚዛን ሳጎድል ስትታዩኝ ኖራችሁ ወይ?» አሉ። ከዚያ ቀጥለው «በምን ለካችሁት?» ብለው ጠየቁ።

በድንች ስንል ለራሳችንም ደስ አላለንም።

ጨዉን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ባለሙያዋ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ የመመርመሪያ ጠርሙስ ነበራት። በሐጂ ጨው ላይ አንድ ጠብታ ስታደርግ ወዲያው ወይን ጠጅ ሆነ። አሞሌው ላይ ምንም። አንዲት ልጅ ከምድጃ አጠገብ ካለ ክዳን የሌለው ቅል ያመጣችው ጨው ላይ በጣም ፈዛዛ። የሐጂ ጨው ትክክለኛ ነበር፤ የተሳሳተው የእኛ መመርመሪያ ነው። ጨው ውስጥ የሚጨመረው ንጹሕ አዮዲን አይደለም፤ ፖታሺየም አዮዴት ነው። አዮዲኑ ከሦስት ኦክሲጅን ጋር ተያይዞ ኔጌቲቭ አዮን ሆኗል፤ በዚያ መልኩ ስታርችን አያጠቁርም። ጠብታው ውስጥ ግን አሲድና አዮዳይድ አሉ፤ እነሱ ናቸው አዮዴቱን ወደ አዮዲን የሚለውጡትና ከስታርቹ ጋር የሚያገናኙት። ሶዲየም ብቻውን ሌላ፣ አዮን ሆኖ ሌላ መሆኑን ለልጆቹ ለሳምንት ያስተማርን ሰዎች አዮዲን ላይ ስንደርስ ረሳነው።

ጥፋቱ በአደባባይ ስለነበር ይቅርታውም እንደዚያው መሆን ነበረበት። ከጁሙዓ በኋላ በመስጂዱ ግቢ ተነሥተን ተናገርን፤ ሰኞ ደግሞ በክፍል። ሐጂ አፉ ብለውናል። የገበያ ወሬ ግን ከይቅርታ ይፈጥናል፤ ከክረምቱ ማብቂያ በፊት እንኳ «አዮዲን የሌለው ጨው» እያለ የሚጠይቃቸው ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለወላጆች የነገርነው የምናውቀውን ብቻ ነው። ከ1990ው ጦርነት በፊት ጨዋችን በአብዛኛው ከአሰብ በኩል ይመጣ ነበር፤ በኋላ አፍዴራ ተተካ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። ስለዚህ ለወጥ የታሸገውን ግዙ፣ አሞሌውን ለከብቱ ተዉለት። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አስቀምጡ፣ ከእሳትና ከእንፋሎት አርቁ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ። ያበጠ አንገት ያለው ሰው ግን ጨው ቀይሮ ብቻ አይቀመጥ፣ ይታይ። የቆየ እንቅርት በጨው አይጠፋም። የእህታችን እናት መስከረም ላይ ደብረ ታቦር ሄደው ታይተዋል፤ ክትትል ላይ ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።

ውጤቱን ለሚጠይቁን፤ ካጠናናቸው የ12ኛ ክፍል ልጆች ሁለቱ አልፈዋል። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበሩ ሁለቱን እንደ ትልቅ ነገር ነው የያዝነው። የቀሩት ልጆች ግን ፊታቸው ከዓይናችን አልጠፋም፤ ከጠረጴዛችን ላይ ቆመው «የቱን ነው የምንሰርዘው?» ያሉት እነሱ ናቸው። በመጪው ክረምት ለሚሄድ ቡድን እርሳስ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የሚሠራ አምፖልና ከጤና ጣቢያ የጨው መመርመሪያ ጠርሙስ እናዘጋጃለን፤ ትርፍ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ያላችሁ በጀመዓው ቢሮ ተዉልን። የኬሚስትሪ ተማሪ የሆናችሁ ደግሞ ስማችሁን ብቻ አስመዝግቡ፣ ትራንስፖርቱን እንነጋገራለን።

የስማዳዋ ልጅ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ኔትወርክ ሲመጣ በአጎቷ ስልክ መልእክት ላከች። ሰላምታ የለውም፤ ጥያቄ ብቻ ነው። «ቲቸር፣ የክሎሪን ክብደት 35.5 ይላል። ግማሽ ኒውትሮን አለ እንዴ?» የለም። ክሎሪን ሁለት ዓይነት ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ 35፣ አንዱ 37 ናቸው፤ 35.5 አማካዩ ነው። ይህን ጽፈን ከመላካችን በፊት መጽሐፉን ሁለቴ አየነው። እስካሁን አልደረሳትም፤ ኔትወርኩ እንደገና ጠፍቷል።